እንግጫና ማጌት በአንድ ማሳ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



ስለ ዩኒየናችን ዕድገት፣ ስለ ካፒታሉና ስለ አባላቱ ብዛት ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ገልጸውታል። ለእኔ የደረሰኝ ርእስ ለበዓል ብዙም የሚመች አይደለም። ስለ እንግጫ እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። የዝግጅት ኮሚቴው ይህን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የወተት ላም ያላቸው አባሎቻችን ከማሳቸው ቆርሰው ማጌት መዝራት ከጀመሩ ወዲህ ማጌቱ በቅሏል፤ ላሞቹም ወደውታል። ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ግን ብዙው የማጌት ማሳ ከሩቅ ሲታይ ለምለም፣ ቀርበው ሲያዩት እኩሌታው እንግጫ ሆኗል። አንዳንዱ አባል «ማጌት አይሆነንም» ብሎ መሬቱን ወደ ጤፍ ሊመልስ ተነሥቷል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ አረም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጀመርነው የመኖ ሥራ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል ነው ጥያቄው።

ከማኅበራቱ የመጣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ «መድኃኒት ይገዛልን» የሚል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዩኒየኑ ገንዘብ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለኬሚካል አይደለም እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ እንግጫ ምን እንደሆነ እንይ። ብዙዎቻችን ሣር እንለዋለን። እንግጫ ግን ሣር አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት፤ ሦስት ማዕዘን ነው። የሣር አገዳ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ፣ አንጓ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ውስጡ ባዶ ነው። የእንግጫ ግንድ አንጓ የለውም፤ ውስጡም ድፍን ነው። ቅጠሉም በሦስት ረድፍ ይወጣል። ማጌትም በአንድ እጀታ ላይ ሦስት ቅጠል ነው ያለው፤ ሁለቱ የሚመሳሰሉት በዚህ በሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ይህን የምለው ለዕውቀት ያህል አይደለም። በስንዴ ማሳ ለሲናር የምንረጨው ቶፒክ የተባለው መድኃኒት ሣርን ለይቶ የሚገድል ነው። እንግጫ ሣር ስላልሆነ ቢረጭበት ምንም አይሆንም። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው አለ።

በየማሳችን የሚያስቸግሩን እንግጫዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው አበባው ወርቃማ ቢጫ፣ ቅጠሉ እየሾጠጠ ሄዶ እንደ መርፌ የሚቀጥን ነው። ከሥሩ የሚያፈራው ፍሬ በእያንዳንዱ ቀጭን ሥር ጫፍ ላይ አንድ አንድ ይንጠለጠላል። ቢቀምሱት ይጣፍጣል፤ እረኛ ሆነን ያደግን አንዳንዶቻችን ቆፍረን በልተነዋል። ስፔን አገር በቫሌንሲያ አካባቢ ይኸው ዝርያ ለፍሬው ተብሎ ይዘራል፤ ከፍሬው የሚጠጣ ነጭ መጠጥ ይሠሩበታል። ሁለተኛው አበባው ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፣ የቅጠሉ ጫፍ ድንገት የሚያልቅ ነው። የዚህ ፍሬ ይመራል። ደግሞም አንድ አንድ አይደለም፤ እንደ መቁጠሪያ በክር ተሰክቶ ከመሬት በታች በሰንሰለት ይሄዳል። የአረም ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ መጽሐፍ ከዓለም አረሞች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብለው በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጡት ይህን ባለ ሰንሰለቱን ነው። የትኛው በማሳችሁ እንዳለ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። በዶማ አንድ ስንዝር ቆፍሩና ሥሩን ተከትላችሁ ፍሬውን እዩ።

የእንግጫ ኃይል እንግዲህ ያለው ከመሬት በታች ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ጥናት አለ። አንድ የቢጫ እንግጫ ፍሬ ለብቻው ተተክሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1,900 የሚጠጋ ቡቃያና ወደ 6,900 የሚጠጋ አዲስ ፍሬ አፍርቷል። ይህ ያለ ተወዳዳሪ ተክል፣ በተመቸው ቦታ መሆኑን አትርሱ። በእኛ ማሳ ያን ያህል ላያፈራ ይችላል። ግን የእናንተን ማሳ ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ምረጡ፤ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን በወንፊት አበጥሩ። የተገኘውን ፍሬ ቆጥራችሁ በአራት ብታባዙት የአንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። 25 ብታገኙ በካሬ ሜትር 100 ማለት ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሔክታር፣ 250 ሺህ ፍሬ ተቀብሯል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ የሚያስብ ሰው «አንድ ጊዜ አርሜ እገላገላለሁ» አይልም።

በጎጃም ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። ነቅለው ጎንጉነው ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ እንግጫው ይጠብቃቸዋል። ለባህሉ ጥሩ ነው፤ እንግጫው ባይመለስ ኖሮ በዓሉም አይኖርም ነበር። በማጌት ማሳ ውስጥ ግን ይህንኑ ነው የምናደርገው። ክረምት ላይ መሬቱ ሲርስ ቅጠሉ በእጅ ተይዞ ይነቀላል። ቀጭኑ ሥር ይበጠሳል፤ ፍሬው ከታች ይቀራል። ባለ ሰንሰለቱ ደግሞ የባሰ ነገር አለው። በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ፍሬ ሲበቅል ከኋላ ያሉትን አንቀላፍተው እንዲቆዩ ያደርጋቸዋል። ሰንሰለቱ ሲበጠስ የተኙት ይነቃሉ። አንድ ነቅለን ሦስት የበቀለብን የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ቱ ፎር ዲ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ቅጠለ ሰፊ አረም ስለሚገድል ማጌቱን ይፈጀዋል፤ የእንግጫውን ቅጠል ቢያቃጥለውም ፍሬው ይተርፋል። ይህ ማለት ጠላቱን ትቶ ልጁን መምታት ነው። ግላይፎሴት፣ ብዙ ሰው ራውንድአፕ የሚለው፣ ሁለቱንም ይገድላል። በቅጠል ገብቶ ወደ ሥር ስለሚወርድ ከቡቃያው ጋር የተያያዘውን ፍሬ ሊጎዳ ይችላል። ተኝቶ ያለውን፣ ቡቃያ ያላወጣውን ፍሬ ግን አያገኘውም። ስለዚህ ማጌት ከመዘራቱ በፊት በተደጋጋሚ ካልሆነ በቀር ፋይዳው ትንሽ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት መድቦታል። ሌሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በዚህ አልተስማሙም፤ ክርክሩም አላበቃም። ያለ ጓንት፣ ያለ ጭምብል፣ ባዶ እግሩን ለሚረጭ አባል ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም።

በአሜሪካ አዳኞች አጋዘን ወደ መሬታቸው እንዲመጣ ሲሉ ማጌት ይዘራሉ። እኛ ለላም፣ እነሱ ለአጋዘን፤ እንግጫው ግን ለሁላችንም እኩል ነው። እዚያ በማጌት ላይ የሚረጩ፣ ማጌቱን ብዙም ሳይጎዱ እንግጫን የሚጫኑ መድኃኒቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቤንታዞን የሚባለው ነው። እሱም ቢጫውን ይጎዳል እንጂ ባለ ሰንሰለቱን በሚገባ አይችለውም። በአንድ ርጭትም አይጨርሱም። በእኛ አገር ደግሞ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ኬሚካል ማስገባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ በስልክ ደውሎ «ለእንግጫ ፍቱን የሆነ አለኝ» ቢል ዩኒየኑ አስቀድሞ የምዝገባ ወረቀቱን ይጠይቅ። ምን ሰብል ላይ፣ በምን መጠን፣ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ ላም መብላት እንደምትችል በአማርኛ ያልተጻፈበት ዕቃ መጋዘናችን ሊገባ አይገባም። የማጌቱ ወተት የሚጠጣው የአባሉ ልጅ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን? የእንግጫ ወዳጅ ውኃ ነው። ማሳችሁን ዞራችሁ ተመልከቱ፤ እንግጫው የጠነከረው የት ነው? ውኃ የሚተኛበት ዝቅ ያለው ቦታ፣ የመንገዱ ጥግ፣ የምንጩ ሥር ነው። የእኛ መረሬ መሬት ክረምት ላይ ውኃ ይይዛል፤ አየር ከአፈሩ ይወጣል። ማጌቱ ይቀጭጫል፣ እንግጫው ይፈነጫል። ከአገራችን ማጌቶች መካከል ርጥበት የሚችሉ አሉ። ኢትዮጵያ ከሃያ በላይ የማጌት ዝርያ ያላት አገር ናት፤ ከእነዚህም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው ኢልካ የተባለው፣ በኋላ ኢልሪ የሆነው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም እነዚህን አገር በቀል ማጌቶች ሰብስቦ በመረሬ መሬት ላይ ሞክሯቸዋል። ርጥበት ቻሉ ማለት ግን ውኃ ውስጥ ተዘፍቀው ከእንግጫ ጋር ተወዳድረው ያሸንፋሉ ማለት አይደለም።

ውኃን ማጠንፈፍ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን ፈሰስ ያወጡ ነበር፤ ሹሩቤም ይሠሩ ነበር። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ መደቡን በእጅ አፈር እየሳቡ የሚያወጡት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ሥራው የቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይም የሴቶችና የልጆች ነው። ይህን ድካም ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአገራችን ተመራማሪዎችና ዓለም አቀፍ ተቋማት በጋራ በሠሩት የመረሬ መሬት ፕሮጀክት ሁለት ማረሻ ተጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ተሠርቷል። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። በኋላም የተሻሻለ ዓይነት መጥቷል። ይህ መሣሪያ ለስንዴና ለሽምብራ ብቻ የሚመስለው አለ፤ ለማጌትም ይሆናል። ማጌቱ በመደቡ ላይ ይዘራል፤ በቦዩ ውኃው ይወርዳል። ማጌት ከፍ ባለው ቦታ ሲጠነክር እንግጫው በቦዩ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ቦዩን መኮትኮት ደግሞ ማሳውን ሁሉ ከማረም ይቀላል።

ውኃ ማጠንፈፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስለ እሱ ግን ብዙም አይወራም። እንግጫ በሚበዛበት ረግረግ ጥቃቅን ቀንድ አውጣ አለ። ይህች ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ለላምና ለበግ የምታስተላልፍ ናት። ከብት በረግረግ ላይ የበቀለ ለምለም ስትግጥ ትሉን አብራ ትወስዳለች። መድኃኒት ተሰጥቷት ወደዚያው ማሳ ብትመለስ እንደገና ትያዛለች። ስለዚህ ወተቷ የቀነሰ ላም ያለው አባል መኖው ብቻ ሳይሆን መሬቱም ይታይ።

ፈሰስ ሲነሣ ግን አንድ የማይወደድ ጉዳይ ይነሣል። ከእኔ ማሳ የወጣው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቴ። በዚህ ምክንያት የተካሰሱ፣ ሽማግሌ የተቀመጠላቸው አባላት በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ገበሬ ለብቻው ፈሰስ ቢያወጣ እንግጫውን ከነፍሬው ወደ ታችኛው ማሳ መላኩ ነው፤ ፍሬው በጎርፍ ይሄዳልና። የወረዳ ኃላፊዎቻችን የምትገቡበት እዚህ ላይ ነው። በተፋሰስ ሥራ ለእርከን የምናወጣውን የሕዝብ ጉልበት ከፊሉን ለጋራ መውረጃ ቦይ ብናውለው፣ የቦዩም መስመር በቀበሌው በሁሉም ስምምነት ቢወሰን፣ ውኃው ሣር በለበሰ መውረጃ ወደ ወንዝ ቢደርስ፣ የጎረቤት ጠብም ይቀንሳል። አባሉ ለብቻው ይህን ማድረግ አይችልም። ዩኒየኑም ያለ መንግሥት አይችልም።

ወደ ማሳው ሥራ ልመለስ። የእንግጫ ሥራ ማጌት ከመዘራቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ማጌት ከተዘራ በኋላ እጃችን ይታሰራል፤ ዘሩ ደቃቅ፣ ቡቃያው ትንሽ፣ መጀመሪያ ላይ አዝጋሚ ነው። ስለዚህ እንግጫ የበዛበትን መሬት በዚያው ዓመት ማጌት አትዝሩበት። ሁለት በጋ ስጡት።

ሰብሉ እንደ ተነሣ፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ መሬቱ ጥቂት ርጥበት ሳለው ገምሱት። መረሬ መሬት ከደረቀ በኋላ ድንጋይ ነው፤ ማረሻው አይገባም። ከዚያ ጥርና የካቲት ላይ ደግማችሁ አገላብጡት። የተገለበጠው ፍሬ በፀሐይ ይደርቃል። ባለ ሰንሰለቱ ድርቀት አይችልም፤ በጠራራ ፀሐይ ተበትኖ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከዋለ አብዛኛው ይሞታል። ቢጫው ግን ይበልጥ ይታገሣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጓል ውስጥ የተደበቀ ፍሬ አይደርቅም። መሬቱ ታርሶ በጓል ከተተወ ሥራው ግማሽ ነው። ጓሉ ይከስከስ፤ የተገኘው ፍሬ በልጅ እጅም ቢሆን ይለቀም፤ በወሰን ላይ አይጣል፣ ወደ ፍግ ጉድጓድም አይግባ። ይደርቅና ይቃጠል።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ የተረፈው ፍሬ ይበቅላል። ይህ መልካም ነው፤ እንዲበቅል እንፈልጋለን። አንድ ፍሬ የመጀመሪያውን ቡቃያ ሲያወጣ ካለው ስንቅ ከግማሽ በላይ ይጨርሳል። ቡቃያው አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ለአዲስ ፍሬ የሚተርፈው ምግብ የለውም። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ ማረስ ወይም መኮትኮት ነው። አራተኛውን አምስተኛውን ሳምንት ከጠበቃችሁ ከታች አዲስ ፍሬ ይጀምራል፤ የእስካሁኑ ድካምም ከንቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ አላባማ በተደረገ ሙከራ ባለ ሰንሰለቱ እንግጫ በየሦስት ሳምንቱ ሲታረስ በሁለት የእርሻ ወቅት ውስጥ ሊጠፋ ችሏል። እኛ በበሬ ነን። የጊዜው ስሌት ግን ያው ነው። አንድ ቀን ቆሞ የሚውል ሰው ሳይሆን በየሦስት ሳምንቱ ግማሽ ቀን የሚመጣ ሰው እንግጫን ያሸንፈዋል።

ክረምቱ ሲገባ መሬቱን ባዶ አትተዉት። እንግጫ ጥላ አይወድም። በዚያ ዓመት አጃና ቬች አብራችሁ ዝሩ፤ በሔክታር 75 ኪሎ ያህል አጃ ከ25 ኪሎ ያህል ቬች ጋር ማሳውን ጥቅጥቅ አድርጎ ይሸፍነዋል። ጥላ ሥር ያለ እንግጫ ቀጥኖ ይቀራል፤ ፍሬውም ያንሳል። አጃና ቬቹ ለላሟ ጥሩ ድርቆሽ ስለሚሆን ዓመቱ የጠፋ ዓመት አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ይኸው ይደገማል። በሦስተኛው ሰኔ ማጌቱ ይዘራል።

ስለ ማዳበሪያ አንድ ነገር ልጨምር። ማጌት በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል። የሚቸግረው ፎስፈረስ ነው፤ በመረሬ መሬት ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ማጌት ፎስፈረስ ሲያገኝ በጣም እንደሚጨምር አሳይተዋል። በማጌት ማሳ ላይ ዩሪያ መበተን እንግጫን መቀለብ ነው። በውድ ዋጋ ገዝታችሁ ለጠላታችሁ አትስጡት።

አሁን ወደ ዩኒየናችን ልምጣ፤ ምናልባት አንዳንዱ ቅር ይለው ይሆናል። እንግጫ ከማሳ ወደ ማሳ በምን ይሄዳል? በነፋስ አይደለም። በማረሻ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ በበሬ ሰኮና፣ በጎርፍ፣ ደግሞም በትራክተርና በኮምባይነር ነው። የትራክተር ዲስክ ባለ ሰንሰለቱን እንግጫ ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ ጎማው ከነጭቃው ወደ ሌላው አባል ማሳ ይወስደዋል። ዘንድሮ ንጹሕ የነበረ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት በጎማው መስመር ላይ እንግጫ ተሰልፎበት ይታያል። ይህን ያየ አባል «የዩኒየኑ ትራክተር አመጣብኝ» ቢል አልፈርድበትም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ትራክተሩ እንግጫ ያለበትን ማሳ በመጨረሻ ይረስ። ከማሳው ሳይወጣ ዲስኩና ጎማው በአካፋና በብረት መጥረጊያ ይጸዳ። ውኃ ባለበት ይታጠብ። የሾፌሩ ውሎ አበል ለዚህ የሚፈጀውን ሰዓት የሚያካትት ይሁን፤ ካልሆነ አይሠራውም፤ በሔክታር ለሚከፈለው ሰው ማጽዳት ኪሳራ ነውና። ይህን ቦርዱ በውሳኔ እንዲያጸድቀው አሳስባለሁ።

የዘር ጉዳይም አለ። የማጌት ዘር ደቃቅ ስለሆነ የሌላ አረም ዘር ሲቀላቀልበት በዓይን አይለይም። ዘር የሚያባዙ አባላት ከእንግጫ ንጹሕ በሆነ ማሳ ላይ ብቻ እንዲያባዙ፣ ማሳቸውም ማጌቱ ሲያብብ በባለሙያ እንዲታይ ቢደረግ ዩኒየኑ በስሙ የሚሸጠው ዘር ይከበራል።

ቅድም በሻይ ዕረፍት ላይ አንድ አባት «ታዲያ እንግጫና ቀጤማ የሚባል ከምድር ይጥፋ ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አይ አባቴ፣ አልልም። በየበዓሉ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቀጤማ ከየት ይመጣል? ከወንዝ ዳርና ከረግረጉ ነው። በበዓል ዋዜማ ቀጤማ አጭደው ገበያ የሚያወጡ እናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው ናቸው። የወል ረግረጉን ሁሉ ብናጠነፍፈው የእነሱን እንጀራ ወስደን፣ ምንጫችንንም አድርቀን እንቀራለን። እኔ የምናገረው ስለ ማሳው ነው። ረግረጉ ቀበሌው ለይቶ ለቀጤማ ቢተወው፣ ከብት እንዳይገባበት ቢከለል፣ ከጉበት ትሉም ያድናል።

አንዲት እናት ደግሞ ከባዱን ጥያቄ ጠየቁኝ። «በየሦስት ሳምንቱ የሚኮተኩተው ማን ነው? ባለቤቴ በሬውን ይዞ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ልጆቼ ተማሪዎች ናቸው» አሉኝ። እውነት ነው። አረም ማረም በአገራችን የሴትና የልጅ ሥራ ተደርጎ ተትቷል፤ የእንግጫም ሥራ በዚያው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ መሬቱን እንዲያሳንሱ ነው። አንድ ጥማድ ሙሉ በእንግጫ ከሚታገሉ የጥማዱን ሩብ ለይተው እሱን በሚገባ ያጽዱ። በሩብ ጥማድ ላይ ያለ ንጹሕ ማጌት በእንግጫ ከተዋጠ ጥማድ የተሻለ ላም ይመግባል። የቀረውን አጃና ቬች ይዝሩበት። በየማኅበሩም ደቦ ቢደራጅ፣ በሬና ማረሻ ያለው የሌለውን በየተራ ቢያግዝ፣ ሥራው ከአንድ ሰው ጫንቃ ይወርዳል።

ማጌቱ ከተዘራ በኋላ ጥቂት እንግጫ ብቅ ቢልስ? ጥቂት ሳለ አይናቅ። እያንዳንዱ የበቀለበት ቦታ ላይ እንጨት ይተከል። ዙሪያው አንድ ክንድ ያህል፣ ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ተቆፍሮ አፈሩ ከነፍሬው በጆንያ ይውጣ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እንጨቱ ተመልሶ ማየት ነው። ማጌቱን ማጨድ እንግጫውን አይገድለውም፤ እንግጫ ከታጨደ በኋላ ከማጌቱ ቀድሞ ይነሣል። ማጨዱ ማጌቱ እንዲተባና እንዲሸፍን ይረዳል እንጂ የቁፋሮውን ሥራ አይተካም። ማጌቱን ከሥሩ አድርጋችሁ አትጩት፤ ከመሬት አራት ጣት ያህል ቢቀር ቶሎ አገግሞ ጥላ ይሠራል።

የዘንድሮው ኅዳር ሩቅ አይደለም። ከእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ አባል ማሳውን ለማሳያ ቢሰጠን፣ አሁን በግማሽ ሜትር ካሬ ፍሬው ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ ከሁለት በጋ በኋላ በዚያው ቦታ እንደገና ይቆጠራል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ካለው መዝገብ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ለመቁጠሪያው የሚሆን ወንፊት ከዩኒየኑ መጋዘን ይሰጣችኋል።